የሆኩሳይ ፏፏቴና የጎንደር መስመር

የጃፓኑ ሠዓሊ ካትሱሺካ ሆኩሳይ ዕድሜው ሰባ ካለፈ በኋላ፣ በ1825 ዓ.ም. ገደማ፣ የአገሩን ፏፏቴዎች በስምንት ሥዕሎች አሳይቷል። እነዚህም በእንጨት የሚታተሙ ናቸው፤ ይኸውም ሠዓሊው በወረቀት ይነድፋል፣ ጠራቢው ንድፉን በእንጨት ላይ ይፈለፍላል፣ አታሚውም እንጨቱን ቀለም እየቀባ በወረቀት ላይ ያትመዋል። ስለዚህ አንዱ ሥዕል ብዙ ሆኖ ለገበያ ይወጣ ነበር።

ከስምንቱ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን የኪሪፉሪ ፏፏቴ ነው። ስሙ የሚወርድ ጭጋግ ማለት ሲሆን፣ ሆኩሳይ የሣለው ግን ጭጋግ ሳይሆን ሥር ነው። ውሃው እንደ አሮጌ ዛፍ ሥር እየተከፋፈለ ዐለቱን ጨብጦ ይወርዳል፤ በግርጌው የቆሙት መንገደኞችም ሽቅብ ያያሉ። አሚዳ በተባለው ፏፏቴ ደግሞ ውሃው የሚፈልቅበት ክብ ጕድጓድ በቡድሃው ራስ ዙሪያ እንደሚሣለው የብርሃን ክበብ ሆኗል። በቅዱሳን ራስ ላይ አክሊለ ብርሃን ማየት የለመደ የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ነገሩን ወደ ጎንደር ያመጣነው በዚህ ብቻ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሠዓልያን የሠሩበት መሣሪያ ጥርት ያለ መስመርና ጥላ የሌለው ቀለም ነበር፤ የሆኩሳይም መሣሪያ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የእኛዎቹ ተግባራቸው ማስተማር ስለ ነበረ ውሃን የሚሥሉት ታሪኩ ሲጠይቅ ነው፤ ለዚህም አንወቅሳቸውም። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው ጥላ ያለው አሣሣል ለልብስና ለፊት ውበት ሰጥቷል፤ ለውሃ ግን የቀድሞው መስመር ይበልጣል እንላለን።

በስሜን የጅንባር ውሃ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ግጭ ገደል ይወረወራል። ዛሬ ይህን የሚሥል ሰው ብዙውን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚያሳየውን ሁሉ፣ ደመናውንም ሣሩንም፣ ሊያስገባ ይደክማል፤ ሥዕሉም ሳይሞት ይደርቃል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጥቂት ሰዓት መስመሩን ቢያጠና ይሻለው ነበር። የኪሪፉሪን ሥር ይቅዳ ማለታችንም አይደለም፤ ጅንባር በክረምት ሞልቶ ቢያገሣም፣ በበጋ ሲታይ ከእንዝርት የተለቀቀ ቀጭን ፈትል ነው።