እንከን የለሿ አገር በሯን የዘጋችው በማን ላይ ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችሁ ሳይንስን ከምናብ ጋር ያጣመረ ልብ ወለድ ይዘው ቢገቡ «ከንቱ ነገር» ብላችሁ አትንጠቋቸው። አብራችሁ አንብቡና እንዲህ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ ሁሉ ነገር በተሟላባት በዚህች አገር በሩ የተዘጋው በማን ላይ ነው?

ለምሳሌ «የሱልጣና ሕልም» የተሰኘውን አጭር ልብ ወለድ እንመልከት። ደራሲዋ ሩቂያ ሰኻወት ሑሴን የቤንጋል ሙስሊም ስትሆን ታሪኩ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በዚያች የሕልም አገር ምግብ በፀሐይ ሙቀት ይበስላል፤ ውሃ ከሰማይ በፊኛ ይቀዳል፤ ሰው በአየር ይጓዛል። አገሪቱን የሚመሩት ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ግን በግቢ ውስጥ ተዘግቶባቸው ምግብ ያበስላሉ፣ ሕፃን ይጠብቃሉ። ወንጀል የለም፤ ፖሊስም አያስፈልግም።

ሩቂያ ይህን የጻፈችው በዘመኗ በሴቶች ላይ የተዘጋውን በር ገልብጣ ለማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1911ም በካልካታ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍታለች። ምፀቷ ግሩም ነው። ይሁን እንጂ አገሪቱን ራሷን ብንመረምር ስውር ድክመቷ ይታያል። ወንጀል የጠፋው ሰው ስለታረመ ሳይሆን፣ ያጠፋውም ያላጠፋውም አንድ ላይ ስለተዘጋበት ነው። በእስልምና ግን ማንም የሌላውን ኃጢአት አይሸከምም።

እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 በመጽሐፍ ያቀረባት ደሴትም እንዲሁ ናት። ሁሉ ይጠግባል፤ ወርቅ የተናቀ ነው። ቆሻሻውን ሥራ የሚሠሩት ግን ባሮች ናቸው፤ ሰንሰለታቸውም ከዚያው ከተናቀው ወርቅ የተሠራ ነው።

ውድ ወገኖቼ፣ ይህ የሩቅ አገር ተረት ብቻ አይምሰላችሁ። በ2012 ዓ.ል. ታኅሣሥ ወር በእኛው በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ወደሙ። የጎረቤቱን መስጊድ የሚያቃጥል ሰው ያ ጎረቤት የሌለባትን ከተማ አልሟል ማለት ነው። ታዲያ ሐዘኑ በሞጣም ሆነ በቢቸና በየቤታችን ሲነሳ፣ እኛም በልጆቻችን ፊት «ምነው እነርሱ ባልኖሩ» ካልን፣ ድርጊቱን ያወገዘውን ክርስቲያን ጎረቤታችንን ከአጥፊው ጋር አንድ ላይ ዘጋንበት ማለት ነው። ይህም ያው የሕልሟ አገር ግንብ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦችን ወደ ሐበሻ ሲልኩ እንከን የለሽ አገር ትጠብቃችኋለች አላሉም። በንጉሡ ዘንድ ማንም እንደማይበደል ነው የነገሯቸው። ልጆቻችን ስለ መልካም አገር ሲያልሙ መለኪያቸው ይህ ይሁን።

ወላሁ አዕለም።