የት ላይ እንቁረጠው?

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመር (ፊደር) ስሌትን ለብዙ ኮምፒውተር ማካፈል የፈለገ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ኔትወርኩ ላይ ነው። ፊደሩን መሀሉ ላይ ቆርጬ ግማሹን ለዚህ ማሽን፣ ግማሹን ለዚያ ልስጥ ይላል። እኔ ብዙውን ጊዜ መስመሩን ተውት እላለሁ።

አብዛኛው ፊደር ከሰብስቴሽን ተነስቶ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ ነው። ስሌቱም ያንኑ ይከተላል፤ ከጫፍ ጀምሮ ከረንቱን እየደመሩ ወደ ምንጩ መምጣት፣ ከዚያ የቮልቴጁን መውደቅ እየቀነሱ ወደ ጫፍ መመለስ፣ ቁጥሮቹ እስኪረጉ መደጋገም። መቶ ምናምን ኖድ ያለው ፊደር በአንድ ኮር በቅጽበት ያልቃል። ለአራት ማሽን ቢካፈል፣ ማሽኖቹ የድንበሩን ቮልቴጅ ሲጠያየቁ ከስሌቱ የበለጠ ጊዜ ያባክናሉ።

የሚከብደው የስሌቱ ብዛት ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። ስንት ጣሪያ ላይ የፀሐይ ፓነል ቢተከል ቮልቴጁ ከልክ ያልፋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ፓነሎቹን በዘፈቀደ ሌላ ሌላ ቤት ላይ እያስቀመጠ ያንኑ ዓመት ሺህ ጊዜ ያስኬዳል። ቢላው ማረፍ ያለበት እዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ለብቻው፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ። (ሁሉም ሙከራ የዘፈቀደ ቁጥሩን ከአንድ መነሻ ከጀመረ ግን ሺው ሙከራ ያው አንዱ ነው።)

ዓመቱን በወር መሸንሸንም ያጓጓል። ይሁንና ቮልቴጁን የሚያስተካክለው የሬጉሌተር ታፕ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚገኝበት ቦታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከነበረበት የሚነሳ ነው፤ ባትሪም ማታ የሚሰጠው ቀን ያጠራቀመውን ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ዓመት ለአንድ ኮር።

ኔትወርክ መቁረጥ ከንቱ ነው አላልኩም። ጋብሪኤል ክሮን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ትልቅ ሥርዓትን ቆራርጦ፣ ለየብቻ ፈትቶ፣ መልሶ የሚያያይዝበትን መንገድ ዲያኮፕቲክስ በሚል ስም አስተዋውቋል፤ ኦፕንዲኤስኤስ የተባለው የማከፋፈያ መስመር ማስሊያ ሶፍትዌርም ዛሬ ይጠቀምበታል። ለአንድ ፊደር ሳይሆን፣ ብዙ ፊደሮች በአንድ ሞዴል ለገቡበት ሥራ ነው የሚበጀው።

ሙከራዎቹ ለየብቻ ቢሄዱም፣ ከሥራው አንድ አሥረኛው በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ በአምዳል ሕግ መሠረት የቱንም ያህል ኮር ቢጨመር ፍጥነቱ ከአሥር እጥፍ አያልፍም። በእኛ ሥራ ያ አሥረኛ ብዙውን ጊዜ ውጤቱን መጻፍ ነው፤ ሁሉም ማሽን የየኖዱን ቮልቴጅ አንድ ዲስክ ላይ ሲያጎርፍ ወረፋ ይፈጠራል። እኔ ከእያንዳንዱ ሙከራ የማስቀረው ትልቁንና ትንሹን ቮልቴጅ፣ ከልክ ያለፉትን ሰዓታት፣ የኃይል ብክነቱንና የዘፈቀደ መነሻ ቁጥሩን ብቻ ነው። ዝርዝር የሚፈልግ ካለ ያችኑ አንዷን ሙከራ እንደገና ማስኬድ ይቀላል።