«የላላ ጫፍ» ወይስ «ያልተቋጨ ጉዳይ»?

በእንግሊዝኛ «ሉስ ኤንድስ» የሚባለው ፈሊጥ ቃል በቃል ሲታይ ያልታሰሩ የገመድ ወይም የክር ጫፎች ማለት ነው። በፍቺው ግን ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ እልባት ሳያገኙ የቀሩትን ዝርዝር ጉዳዮች ያመለክታል። ይህን «የላሉ ጫፎችን ማሰር» ብሎ መተርጐም ተገቢ መስሎ አይታየንም። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ አባባሉ ግን አማርኛ አይደለም። በነጠላ ቍጥር «አት ኤ ሉስ ኤንድ» ሲባል ደግሞ ፍቺው ሌላ ነው፤ የሚሠራው አጥቶ የተቀመጠን ሰው ይገልጣል።

አቻው ከቤታችን አይርቅም። ሸማኔ ድሩን በማግ ሸምኖ ሲጨርስ በጨርቁ ጫፍ ያልተሸመነ የድር ክር ይተርፋል። ይህ ክር እየተገመደ ሲቋጠር ነጠላው ወይም ጋቢው «ተቋጨ» ይባላል። ከዚሁ ሙያ ተነሥቶ ነገርም ይቋጫል፤ ክርክርም መቋጫ ያገኛል። ስለዚህ «ያልተቋጩ ጉዳዮች» የሚለው የእንግሊዝኛውን ሐሳብ ከነምስሉ ይይዛል።

ይሁን እንጂ ቃሉ ወሰን አለው። «ውዝፍ» ጊዜው አልፎ የተከማቸ ዕዳ ወይም ሥራ ነው፤ «ይደር» ለሌላ ቀን የተላለፈ ነው፤ «እንጥልጥል» መድረሻው ያልታወቀ ነው። «ያልተቋጨ» ለማለት ግን ሽመናው ራሱ ማለቅ አለበት። ለምሳሌ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ዛሬ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የኮልፌ ፖሊስ ማሠልጠኛ ወታደራዊ ሥልጠና ጀምሮ ነበር። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ድርጅቱ ወደ አገሩ ስለጠራው ሳይፈጸም ቀረ። ይህ «የተቋረጠ» እንጂ «ያልተቋጨ» ሥልጠና አይባልም፤ ድሩ ገና በሸማ ዕቃው ላይ ነበርና።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት እኩሌታውን እንኳ ያልሠራውን ሥራ «ጥቂት ያልተቋጩ ነገሮች ቀርተዋል» ብሎ ቢጽፍ፣ ባለጉዳዩ በማግስቱ ያልቃል ብሎ ደጅ ይጠናል። ቃሉ ያለ ቦታው በመዋሉ የሥራው ጕድለት ይሸፈናል፤ የሚጐዳውም ያመነው ሰው ነው።

ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህ ፈሊጥ «ያልተቋጨ ጉዳይ» የሚለውን በመጀመሪያ አቻነት እንዲያሰፍሩ፣ «ውዝፍ»ን፣ «ይደር»ንና «እንጥልጥል»ንም ከነልዩነታቸው በየራሳቸው እንዲፈቱ እናሳስባለን።