ዛፍን ስለሚጠብቅ ጽሑፍ፤ ስለ ጌዴኦ ምድር የተጻፈው መጽሐፍ ሲመረመር

ስለ ፍጥረት መጻፍ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። አክሲማሮስ የስድስቱን ዕለታት ፍጥረት በየተራው ያስረዳል፤ ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የአራዊትን፥ የአዕዋፍን፥ የዕፅዋትንና የዕንቍን ጠባይ እየተናገረ ምሥጢር ያወጣበታል፤ መጽሐፈ ሄኖክም ቅጠላቸውን የማያራግፉ ዐሥራ አራት ዛፎች እንዳሉ ያመለክታል። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ በሚቆመው ማኅሌተ ጽጌ የምድር አበባ ሁሉ ለምሥጋና ይጠራል። የቅኔ ተማሪም ገና ጉባኤ ቃና ሲቈጥር ደመናንና ዝናምን፥ ገበሬንና ሞፈርን፥ ንብንና አበባን ሰም ማድረግ ይማራል።

ዳሩ ግን ሰም የሚሠራው ለወርቁ ሲባል ሊቀልጥ ነው። አንጥረኛ ወርቁን ካፈሰሰ በኋላ የቀለጠውን ሰም እንደማይፈልገው ሁሉ፥ ቅኔ ሰሚም ምሥጢሩን ካገኘ በኋላ ዛፉን ይረሳዋል። ዝግባን የትዕቢተኛ ንጉሥ ምሳሌ ያደረገ ሊቅ፥ ዝግባው በምን ዐፈር እንደሚበቅልና በስንት ዘመን ለጥላ እንደሚበቃ አልጻፈም። ስላልጻፈም አይነቀፍም፤ የቅኔ ሥራው ሌላ ነውና። ይሁን እንጂ ደን እየሳሳ በሄደበት በዚህ ዘመን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ስለ ፍጥረት የሚጻፍ ጽሑፍ ፍጥረትን ይጠብቃልን? የሚጠብቅስ ከሆነ የትኛው ዓይነት ጽሑፍ ነው?

የአብያተ ክርስቲያናት ደን ለዚህ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣል። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ጥንታዊው የሀገር ዛፍ ከሁሉ ይልቅ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዙሪያ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 በሆላንድ ሀገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ድርሳን ይህንኑ ደን መርምረዋል። ወይራውንና ጽዱን ከመጥረቢያ ያዳነው የታቦቱ ክብር፥ የመቃብሩ አክብሮትና የውግዘቱ ፍርሃት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የጠበቀው ሥርዐት ነበረ፤ መጽሐፍ የመጣው ሥርዐቱ ሲደክምና ቅጽሩ ሲጠብ፥ ምስክር ሊሆን ነው።

የጌዴኦም ነገር እንደዚሁ ነው። ከዲላ ከተማ ተነሥቶ በይርጋ ጨፌ መንገድ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን ደን ብቻ ያየ ይመስለዋል፤ ደን ያለው ግን የሰው እርሻ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይጥላሉ፤ ከሥራቸው እንሰት ይቆማል፤ ከእንሰቱ ጋራ ቡናው፥ ከቡናውም በታች ሌላው ተክል ተደራርቦ ይበቅላል። የብርብራ ቅጠል ረግፎ መሬቱን ያዳብራል። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ነገር ግን ለመከር የተወሰነ ወር ስለሌለው በችግር ቀን እየተፋቀ ቆጮና ቡላ ይሆናል። ገደል በሚያህል ተዳፋት ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲኖር ዐፈሩ ተጠርጎ ያልሄደው በዚህ ጥበብ ነው። በእርሻው መካከል ሽማግሎች የሚጠብቋቸው የአምልኮ ደኖች አሉ፤ በተራሮቹም ትከሻ ላይ እንደ ቱቱ ፈላና እንደ ጨልባ ቱቱቲ ያሉ የትክል ድንጋይ ስፍራዎች ይገኛሉ።

ይህን እርሻ መርምሮ የጻፈው ዋናው መጽሐፍ የታደሰ ክጴ ካንሼ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002፥ በዚያው በዋገኒንገን ለዶክትሬት የቀረበው ይህ ድርሳን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፥ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አምስት ሺህ ዓመት የዘለቀ ልማት?» የሚል ይሆናል። የመጽሐፉ ትልቅ ዋጋ የጌዴኦን ገበሬ ዐዋቂ አድርጎ መቀበሉ ነው። በብዙ የእርሻ ጽሑፍ ገበሬ የሚመከር እንጂ የሚጠየቅ አይደለም፤ በዚህ መጽሐፍ ግን የእርሱ ዕውቀት የምርምሩ መነሻ ሆኗል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ሲነገር፥ ቀድሞ ሰም የነበረው ዛፍ በዚህ ድርሳን ራሱ ወርቅ ሆነ ማለት ነው። ምሥጢሩ ከዛፉ በስተኋላ አልተሰወረም፤ በዛፉ፥ በጥላው፥ በረገፈው ቅጠል ላይ ይነበባል።

በርእሱ መጨረሻ ስላለው የጥያቄ ምልክትም ማስተዋል ይገባል። ዜና መዋዕል ባልጻፈ ሕዝብ ዘንድ አምስት ሺህ ዓመት ብሎ መቍጠር አስቸጋሪ ነው። በሳካሮ ሶዶ በቆሙት ድንጋዮች ላይ የተደረገው ምርመራ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 እንደ ተገለጸው፥ ዘመናቸውን ወደ መጀመሪያው መቶ ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በኋላ አድርሶታል፤ ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው አንድ ሺህ ዓመት ያህል የሚቀድም ነው። እንግዲህ ድንጋዩ ስለ ሁለት ሺህ ዓመት ይመሰክራል፤ አምስቱ ሺህ ገና ጥያቄ ነው። ጸሐፊው ምልክቱን ማኖራቸው የሊቅ ጥንቃቄ ነው። ቍጥሩን ይዞ ምልክቱን የሚጥል ተናጋሪ ግን ለጌዴኦ የቆመ ቢመስለውም ምስክሩን ያደክምበታል፤ ለአንዲት ሐሰት የተገኘ ዳኛ እውነቱንም ይጠራጠራልና።

የመጽሐፉ ጉድለት በቋንቋው ላይ ነው። ራሔል ካርሰን የተባለችው አሜሪካዊት ስለ ተባይ መድኀኒት ጕዳት የጻፈችው «ጸጥ ያለው ጸደይ» እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ታተመ፤ ዲዲቲ የተባለውም መርዝ በሀገሯ በ1972 ለእርሻ እንዳይውል ተከለከለ። ያ መጽሐፍ ኃይል ያገኘው ሳይንሱ እውነት ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። መርዙን የሚረጨው ገበሬ፥ ልጇን የምታሳድገው እናት፥ ሕግ የሚያወጣው እንደራሴ ሁሉ በገዛ ቋንቋቸው አንብበውታል። የጌዴኦ ድርሳን ግን መምህራንን ለማሳመን የተጻፈ በመሆኑ ዛፉን የሚቈርጠውም ሆነ የሚተክለው ሰው አያነበውም። ዕውቀቱ ከገበሬው አፍ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ ተመልሶ ግን ወደ ገበሬው ልጅ እጅ አልገባም።

ስለ ጌዴኦ የሚጽፍ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ሰውና ተፈጥሮ በፍቅር ኖሩ ብሎ ማመስገን ቀላል ነው። ነገር ግን ያ ምድር የመከራም ምድር ነው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ በባለ ርስት ጭነት ተማሮ ተነሥቷል፤ እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ ብዙው ገበሬ በገዛ እርሻው ጭሰኛ ነበረ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ለልጅ ልጁ ጥላ የሚሆን ዛፍ የሚተክለው ነገ በዚያ ስፍራ እንደሚኖር ያመነ ሰው ነውና፥ ይህን ትቶ የዛፉን ልምላሜ ብቻ የሚያወድስ ጽሑፍ ግማሽ ነው። እንሰቱን የሚፍቁትን ሴቶች ዕውቀት የማያነሣም ጽሑፍ እንደዚሁ ጐደሎ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር ዩኔስኮ በሪያድ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። የተመዘገበው ስፍራ ከ29 ሺህ ሄክታር ይበልጣል፤ 250 ሺህ ያህልም ሕዝብ ይኖርበታል። ይህ ክብር የመጽሐፍ ፍሬ ብቻ ነው ቢባል ሽማግሎቹን መበደል ይሆናል፤ ጽሑፍ የረዳው ነገር የለም ማለትም ስሕተት ነው። በቃል ብቻ ይኖር የነበረ ሥርዐት በዓለም ጉባኤ ፊት የሚመረመረው በጽሑፍ ሲቀርብ ነውና። ሆኖም መዝገቡ ዘበኛ አይሆንም። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ጫት መትከል ያምረዋል፤ መሬቱ በልጆች ብዛት ይከፋፈላል፤ ወጣቱም እምነቱን ሲለውጥ አባቱ ይፈራው የነበረውን ደን እንደ ተራ ዕንጨት ማየት ይጀምራል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ካህናትን ሁሉ ይመለከታል። የአምልኮ ደኑ የቆመበት እምነት ሌላ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን እምነቱ ቢቀርም ዛፉ ሊቈረጥ አይገባም፤ ዛፉ የፈጣሪ ነውና። የቤተ ክርስቲያኑን ወይራ የጠበቀ ካህን የጌዴኦን ሽማግሌ ድካም ሊያውቅለት ይገባዋል።

እንግዲህ የታደሰ ክጴ መጽሐፍ መነበብና መመስገን ይገባዋል፤ ከሁሉ በፊት ግን መተርጐም ይገባዋል። ሕፃናቱ በትምህርት ቤት በሚማሩበት በጌዴኡፋ፥ ቀጥሎም በአማርኛ፥ ለገበሬና ለተማሪ በሚገባ አነጋገር ቢዘጋጅ፥ የዛፉን ስምና ጥቅም ሽማግሎቹ ሳያልፉ ከአፋቸው ተቀብሎ ቢጨምር፥ የጥያቄ ምልክቱንም እንደ ነበረ ቢያኖር፥ ያን ጊዜ ምስክርነቱ ዛፉን ለመጠበቅ ኃይል ያገኛል። የቅኔ መምህርም ለተማሪው ብርብራን ሰም አድርጎ ሲሰጠው፥ ብርብራው የት እንደሚበቅልና ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ቢያስተምረው፥ ሰሙ ይጠነክራል እንጂ ወርቁ አይጎድልም።