የፋንታሲ አርፒጂ ዴሞ እንዴት ይመዘናል?

የፋንታሲ አርፒጂ ጌም ደስታው ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው። ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሕይወት ተረክቦ፣ ከአቅመ ቢስነት ወደ ብርታት እያደገ፣ የጉዞ ጓደኞች እያፈራ፣ ቀደም ሲል የወሰነው ነገር ኋላ ላይ ፍሬውን ወይም መዘዙን እያመጣለት ለብዙ አሥር ሰዓታት ይጓዛል። ዴሞ፣ ማለትም ሰው ከመግዛቱ በፊት እንዲሞክረው በነጻ የሚለቀቀው የጌሙ ቁራጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ግን ገና ምንም ያልተጠራቀመባቸውን የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። የእግር ኳስ ጌም ዴሞ አንድ ግጥሚያ ካጫወተ የቀረውንም አሳየ ማለት ይቻላል። የአርፒጂ ዴሞ የሚያሳየው ከሚቀረው እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ዴሞውን በሚገባ የሚመዝን ሰው ዓይኑን ከትልልቁ ትርዒት አንስቶ በተራው ነገር ላይ ያሳርፋል፤ በተራ ውጊያ፣ በመንገድ ላይ ንግግር፣ በሜኑው ላይ። ትርዒቱ ዴሞውን ለመሸጥ የተሠራ ነው፤ ሙሉው ጌም በአብዛኛው የሚያልፈው በተራው ነገር ውስጥ ነው።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ዴሞው ከሙሉው ጌም ጋር ያለው ዝምድና ነው። የጃፓኑ አትለስ «ሜታፎር፦ ሪፋንታዚዮ»ን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 2024 ለገበያ ከማቅረቡ በፊት፣ ሴፕቴምበር 25 ላይ የለቀቀው ዴሞ የጌሙ መግቢያ ራሱ ነበር። አምስት ሰዓት ገደማ ያጫውታል፤ ሙሉውን የገዛ ሰው ሴቭ ካደረገበት ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ዴሞ የሚደብቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ሠሪዎቹ የተጠናቀቀ ሥራቸውን ነው ለፍርድ ያቀረቡት። ስኩዌር ኤኒክስ በጁን 2023 ለ«ፋይናል ፋንታሲ 16» ያወጣው ዴሞም መግቢያውን ሰጥቶ ሴቭ ያሻግር ነበር፤ ከዚያ በተጨማሪ ግን ከጌሙ መሐል የተወሰደ ሌላ ቁራጭ ጨምሮበታል። በዚህኛው ክፍል ዋናው ገጸ ባሕርይ በመግቢያው የሌሉትን ኃይሎች ይዞ ይዋጋል። ጥሩ ብልሃት ነው፤ መግቢያው ታሪኩን፣ ሁለተኛው ቁራጭ ውጊያው በኋላ የሚደርስበትን ስፋት ያሳያሉ።

ለታይታ ብቻ የሚሰናዳ ዴሞም አለ። በ1996 «ቶባል ቁጥር 1» ከተባለው የድብድብ ጌም ጋር አብሮ የተሰጠው የ«ፋይናል ፋንታሲ 7» ዴሞ በመክፈቻው ተልዕኮ ላይ ኤሪስ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ከቡድኑ ጋር አሰልፎ፣ ሌቫያተን የተባለውን የባሕር ዘንዶም እንድትጠራ አድርጎ ነበር። ሙሉው ጌም በ1997 ሲወጣ ኤሪስ በዚያ ተልዕኮ ላይ የለችም፤ ዘንዶውም የሚገኘው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሠሪዎቹ ያላቸውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማቅረብ ፈልገው ነው። መዛኙ ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ዴሞ ስለ ውጊያው ስሜትና ስለ ምስሉ እንጂ ስለ ታሪኩ አካሄድ መደምደሚያ ላይ መድረስ የለበትም።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ይመጣል። የፋንታሲ ደራሲ ሁሉ የሚቸገርበት ነገር አለ፤ አንባቢው የማያውቀውን አገር፣ ንጉሥ፣ ሃይማኖትና ጠብ እንዴት ይወቅ? ደካማው ጌም ካርታ ዘርግቶ፣ ተራኪ አቁሞ፣ የሺህ ዓመት ጦርነት በሦስት ደቂቃ ይተርካል፤ ተጫዋቹም ስም ሰምቶ ስም ይረሳል። ብርቱው ጌም አገሩን በአጋጣሚ ያስተዋውቃል። ሜታፎር እዚህ ላይ አርአያ የሚሆን ሥራ ሠርቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤልዳ ከተባለ የተናቀ ነገድ ነው። ይህን ተጫዋቹ የሚያውቀው ከማብራሪያ ሳይሆን ወደ ዋና ከተማው ወደ ግራንድ ትራድ ሲገባ ሰዎች ከሚያዩት አስተያየትና ከሚሰነዝሩት ቃል ነው። ወጣቱ ሁልጊዜ ይዞት የሚዞረው ልብ ወለድ ደግሞ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ስላለበትና ሰው ሁሉ እኩል ነው ስለሚባልበት አገር ይተርካል፤ የእኛው ዓለም እዚያ ተረት ሆኖ መጥቷል ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ በአንድ ልጅ እጅ ላይ በማስያዝ የጌሙ ዋና ጥያቄ ገና በመነሻው ተነሥቷል። የጽሕፈት ችሎታ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ፋይናል ፋንታሲ 16 ሌላ መንገድ መርጧል። መግቢያው በስምና በፖለቲካ የተሞላ፣ ትዕይንቱም የረዘመ ነው፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ትዕይንቱን በማንኛውም ሰዓት አቁሞ በዚያ ቅጽበት ስለሚታዩት ሰዎች፣ ቦታዎችና ወገኖች አጭር ማብራሪያ ማንበብ ይችላል። ማብራሪያው ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ይለወጣል፣ ገና ያልተገለጠውንም አያወጣም። መግቢያው ከባድ ነው ተብሎ ቢነቀፍ እንኳ ሠሪዎቹ ክብደቱን አውቀው መደገፊያ አዘጋጅተውለታል፤ ይህም በሚዛኑ ላይ መግባት አለበት።

ውጊያው ሰፋ ያለ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ ሰው ዴሞን የሚያስታውሰው መጨረሻው ላይ ባለው ቦስ፣ ማለትም በታላቁ ጠላት፣ ነው፤ ቦሱ ግን በደንብ ሊሠራ ግድ ነው፣ ማንም ሠሪ እሱን አይዘነጋም። መመዘን ያለበት አሥረኛው ተራ ውጊያ ነው። ከአሥር ተራ ውጊያ በኋላ ተጫዋቹ አሁንም እያሰበ ነው ወይስ ጣቱ ብቻ ነው የሚሠራው? በሜታፎር በተራ በተራ በሚካሄደው ውጊያ ላይ በስክሪኑ ላይ ትንንሽ ምልክቶች ይታያሉ፤ ቡድኑ ስንት ጊዜ መምታት እንደሚችል የሚያመለክቱት እነሱ ናቸው። ተራ ምት አንድ ሙሉ ምልክት ይበላል። የጠላትን ደካማ ጎን ያገኘ ምት የሚበላው ግማሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዋቂ ተጫዋች በአንድ ዙር ብዙ ጊዜ ይመታል። የሳተ ምት ግን ሁለት ምልክት ያስከፍላል። ሕጉ ለጠላትም ያው ነው፤ የጠላት ምት ከሳተ እሱም ሁለት ምልክት ያጣል። አትለስ ይህን ሥርዓት ያመጣው በ2003 በ«ሺን ሜጋሚ ቴንሴ 3» ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ውሳኔ ሁሉ ዋጋ እንዳለው ወዲያው ያስተምራል። ተጫዋቹ ሕጉን ለመረዳት ረጅም ትምህርት አያስፈልገውም፤ ሁለት ምልክት ድንገት ሲጠፋበት ይገባዋል።

ያው ጌም ሌላ ቁም ነገር ጨምሯል። በደረጃ ያነሱ ጠላቶች መንገድ ላይ እንዳሉ በፈጣን ምት ይጠፋሉ፤ ወደ ውጊያ ስክሪን መግባት አያስፈልግም። በጉልበት የሚመጣጠኑትን ቀድሞ ያደናገጠ ተጫዋች ውጊያውን በብልጫ ይጀምራል፤ የተቀደመ ደግሞ ይጎዳል። ይህ የተጫዋቹን ጊዜ የሚያከብር ሥራ ነው። እንዲህ ያለ አክብሮት በዴሞ ውስጥ ከታየ በሙሉው ጌምም ሊጠበቅ ይችላል፤ ከታሪክ በተለየ የውጊያ ሕግ መሐል ላይ ብዙም አይለወጥምና።

የውጊያውን ሙዚቃም በዚያው መስማት ይገባል። በዚህ ዘርፍ አንዱ የውጊያ ዜማ በመቶዎች ጊዜ ይደገማል። ሾጂ ሜጉሮ ለሜታፎር ባቀናበረው የውጊያ ሙዚቃ አንድ ጃፓናዊ የቡድሃ መነኩሴ በኤስፔራንቶ ቋንቋ በፍጥነት ያዜማል። መጀመሪያ ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ከብዙ ድግግሞሽ በኋላም አለመሰልቸቱ ነው ታላቅነቱ።

የፋንታሲ አርፒጂ ትልቁ ተስፋ ምርጫ ነው፤ ዴሞም በብዛት የሚዋሸው በእሱ ላይ ነው። ሦስት መልስ ደርድሮ ሦስቱንም ወደ አንድ ንግግር የሚመልስ ጌም ሞልቷል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሴቭ አድርጎ፣ አንዱን መልሶ፣ ተመልሶ ሌላውን መምረጥ። የቤልጅየሙ ላሪያን ስቱዲዮስ የ«ባልዱርስ ጌት 3»ን የመጀመሪያ ምዕራፍ በኦክቶበር 2020 ገና በሥራ ላይ ሳለ ለሽያጭ አቅርቦ ነበር፤ ሙሉው የወጣው በኦገስት 2023 ነው። ነጻ ዴሞ ባይሆንም ለምርጫ ፈተና ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። ገና በመነሻው፣ በምትቃጠል በራሪ መርከብ ውስጥ፣ ከአንድ አስከሬን የራስ ቅል ውስጥ ያለ ሕያው አንጎል አውጡኝ ብሎ ይለምናል። ተጫዋቹ ትቶት ሊሄድ፣ ሊያጠፋው፣ ወይም ሊያወጣው ይችላል፤ ካወጣውም በኋላ እንዳይጎዳው ሊያሽመደምደው ይችላል። እያንዳንዱ ሙከራ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣልበታል፤ ዳይሱም ሊከዳ ይችላል። ነጻ ያወጣው ሰው ለዚያች መርከብ የሚሆን የውጊያ አጋር ያገኛል፤ በሙሉው ጌም ደግሞ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ከዚያው ፍጡር ጋር እንደገና ሊገናኝ ይችላል። እዚያው መርከብ ላይ የሚነድ ሰይፍ የያዘ አንድ የሰይጣን አዛዥ አለ፤ ጌሙ የሚያዘው ሸሽቶ ማምለጥን ነው፣ ደፍሮ የገደለው ግን ሰይፉን ይወስዳል። ሠሪዎቹ ትእዛዛቸውን ለሚጥስ ተጫዋች መልስ ማዘጋጀታቸው የጥሩ አርፒጂ ዋነኛ ምልክት ነው።

ሜኑን መመርመር ለብዙዎች አሰልቺ ይመስላል፤ ተጫዋቹ ግን ከማንኛውም ጠላት ይልቅ በብዛት የሚያገኘው ሜኑውን ነው። ዕቃ ለመለወጥ ስንት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል? አዲሱ ጎራዴ ከአሮጌው መሻሉ በአንድ እይታ ይታወቃል? ጽሑፉ ከሶፋ ላይ ሆኖ ይነበባል? እንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ነገሮች ክብደት እንዳላቸው ያሳየው የ«ኦክቶፓዝ ትራቭለር» ታሪክ ነው። ስኩዌር ኤኒክስና አክዋየር በሴፕቴምበር 2017 ሁለት ገጸ ባሕርያትን፣ ወታደሩን ኦልበሪክንና ዳንሰኛዋን ፕሪምሮዝን፣ የያዘ ዴሞ ለቀው ከተጫዋቾች መጠይቅ ሰበሰቡ። ከ45,000 በላይ መልስ መጣ። የውጊያው ሥርዓት ተወደደ፤ ቅሬታው ያተኮረው ገጸ ባሕርዩ ሲሄድ ቀርፋፋ መሆኑንና ትዕይንት መዝለል አለመቻሉን በመሰሉ ነገሮች ላይ ነበር። ጌሙ በጁላይ 2018 ሲወጣ እነዚህ ተሻሽለው ነበር። ከዚያ ቀደም በ2015 የ«ፋይናል ፋንታሲ 15» ዴሞም በተጫዋቾች አስተያየት ተሻሽሎ ሁለተኛ ጊዜ ወጥቷል። ዴሞው ከጌሙ ብዙ ወራት ቀድሞ ከመጣ እንከኑ ገና የሚታረም ነው፤ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከመጣ ግን ያው ሆኖ እንደሚቀር ቆጥሮ መፍረድ ያስፈልጋል።

ቴክኒኩ በአጭሩ ይታያል። ኮምፒውተር ላይ ለሚጫወት ሰው ዴሞ የማሽኑ መፈተኛም ነው፤ ሰው የበዛበት ከተማ ውስጥ ሲገባ ላግ ካደረገ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ጥሩ መሄዱ ዋጋ የለውም። የሜታፎር ዴሞ በወጣ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ የሞከሩ ሰዎች ስለ ምስሉ ጥርት ማነስና ስለ ፍጥነቱ ቅሬታ አሰምተዋል፤ የጌሙ ጥበብ ይህን ቅሬታ አይሽረውም፣ ቅሬታውም ጥበቡን አይሽረውም። ለየብቻ መመዘን አለባቸው። ስቲም ላይ የተገዛ ጌም ገንዘቡ የሚመለሰው በ14 ቀን ውስጥ ከተጠየቀና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወቱት ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ብዙ አርፒጂዎች ገና መግቢያቸውን አልጨረሱም። ከዚህ አንጻር አምስት ሰዓት የሚሰጥ ዴሞ ለገዢው ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ጠቃሚ ነው።

የመጨረሻው መመዘኛ ዴሞው የሚቆምበት ቦታ ነው። በጁን 2018 የወጣው ሁለተኛው የኦክቶፓዝ ዴሞ ከስምንቱ ገጸ ባሕርያት የተፈለገውን አስመርጦ በሦስት ሰዓት ይዘጋል፤ ሴቭ ስለሚሻገር አንዳንዱ ተጫዋች ሰዓቱ እንዳያልቅበት ንግግሩን ሁሉ እየዘለለ ይሮጣል፣ በዚህም የጽሑፉ ውበት ያልፈዋል። በ2019 ለኒንቴንዶ ስዊች የወጣው የ«ድራጎን ክዌስት 11 ኤስ» ዴሞ ግን አሥር ሰዓት ገደማ የሚያጫውት ሆኖ የሚቆመው ታሪኩ ላይ በተመረጠ ቦታ ነው። ተጫዋቹ መንደር ገብቶ ከሁሉም ጋር ለማውራት፣ ማንም ያላዘዘውን ዋሻ ለማሰስ፣ አንድ ቀን ሙሉ በዝግታ ለመሄድ ጊዜ አለው። በሁለቱ ዴሞዎች መካከል መፍረድ ካስፈለገ የድራጎን ክዌስቱ ይበልጣል፤ ሰዓት ሳይቆጥር የተጫወተ ሰው ነው ጌሙን እንደ ጌሙ የሚያየው።