አንዲት ትርፍ ቃል፦ የጄምስ ጆይስ የብር ሳንቲም ሲነበብ

የአየርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ኤፕሪል 10 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) ለደራሲው ጄምስ ጆይስ መታሰቢያ የሚሆን የ10 ዩሮ የብር ሳንቲም አወጣ። ብዛቱ በ10,000 የተወሰነ ሲሆን አንዱ የሚሸጠው በ46 ዩሮ ነበር። በሳንቲሙ ላይ ከደራሲው ገጽታ ጋር ከ«ዩሊሲስ» ልቦለዱ ሦስተኛ ምዕራፍ የተወሰዱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተቀርጸዋል። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጆይስ ያልጻፋት አንዲት ቃል አለች፤ «ዛት» የምትባለው የእንግሊዝኛ አያያዥ። ስህተቱ ወዲያው ታወቀ። ባንኩም ማዘኑን ገልጾ ሳንቲሙ የደራሲውና የጽሑፉ ጥበባዊ ውክልና እንጂ ቃል በቃል ቅጂ እንዲሆን የታሰበ አይደለም ሲል መለሰ።

ይህ መልስ ከስህተቱ በላይ ያሳስበኛል። ምክንያቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ወደ ቃሏ መመለስ ያስፈልጋል።

በዚያ ምዕራፍ ገጸ ባሕርዩ ስቲቨን ዴዳለስ በሳንዲማውንት የባሕር ዳርቻ ብቻውን ይራመዳል። ማዕበል የተፋውን አረም፣ አሮጌ ጫማ፣ እየቀረበ የሚመጣውን ውኃ ያያል። የሚታየውን ዓለም እንደ ጽሑፍ፣ ራሱን እንደ አንባቢ አድርጎ ያስባል። ትርፏ ቃል የገባችው እንግዲህ ስለ ማንበብ በተጻፈ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። የቃሏን ክብደት ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል አይደለም። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የምትሠራው «የ» ከግሱ ጋር ተጣብቃ ስለምትኖር እንተዋት ብንል አትተውም፤ «የመጣው ሰው» ከሚለው ላይ ብናነሳት ሐረጉ ይፈርሳል። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አያያዡ ቢኖርም ቢቀርም ሰዋስዉ ይቆማል፤ የሚለወጠው ዜማው ነው። ጆይስ ቃሏን ሲተዋት በእንግሊዝኛው ከ«ነገሮች ሁሉ» ቀጥሎ «እኔ» ይመጣል። በሚነበበው ዓለምና በአንባቢው መካከል ምንም የቆመ ነገር የለም፤ ለአንዲት ቅጽበትም ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ቃሏ ስትገባ በመካከላቸው አጥር ይተከላል፤ ሐሳቡ የተስተካከለ፣ ግን የሞተ የትምህርት ቤት ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ሳንቲሙ ያጠፋው ይህን ነው።

አሁን ወደ ባንኩ መልስ ልመለስ። «ጥበባዊ ውክልና» የሚለው አነጋገር የደራሲን ቃል ከፊቱ ዙሪያ እንደሚሳል ጌጥ ይቆጥረዋል። ሳንቲም ግን ራሱ የሚነበብ ነገር ነው። ስመ ዋጋው፣ የአገሩ ስም፣ የወጣበት ዓመት ሁሉም ጽሑፍ ናቸው፤ ብሩን ገንዘብ የሚያደርገውም ይኸው ጽሑፍ ነው። «10» የሚለው ቁጥር በስህተት ሌላ ሆኖ ቢቀረጽ ማንም ጥበባዊ ውክልና ነው ብሎ አይከራከርም ነበር። ብረቱንና ገንዘቡን በአንድ ስም «ብር» በምንል ሕዝቦች ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ሲመታ የኖረውን የማሪያ ቴሬዛ ብር የሚቀበለው የአገራችን ነጋዴ የንግሥቲቱን ጌጥ ነጠብጣብ ሳይቀር ይመረምር ነበር፤ ነጠብጣቡ ካልተሟላ ብሩን አይቀበልም። ያ ነጋዴ ሳንቲም ያነብብ ነበር ማለት ነው።

ባንኩን ለመከላከል የሚፈልግ ሰው ሊያነሳው የሚችል አንድ ጠንካራ ነጥብ እንዳለ አልክድም። የ«ዩሊሲስ» ጽሑፍ ከመጀመሪያው ስህተት ያልተለየው ነው። በ1922 ሲልቪያ ቢች ፓሪስ ላይ ስታሳትመው ፊደል ለቃሚዎቹ የዲዦን ከተማ ፈረንሳዮች ነበሩ። ጆይስም በእርማት ወረቀቱ ላይ ሳያቋርጥ ይጨምር ስለነበር መጽሐፉ የወጣው ስለ ስህተቶቹ አንባቢን ይቅርታ የሚጠይቅ ማስታወሻ ይዞ ነው። ጀርመናዊው ሃንስ ቫልተር ጋብለር በ1984 ያወጣው የታረመ እትም ደግሞ ለብዙ ዓመታት ምሁራንን አነታርኳል። ታዲያ ትክክለኛው ጽሑፍ የቱ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ንትርክ የሚካሄደው የእጅ ጽሑፉን፣ እርማቱንና እትሙን ቃል በቃል እያመሳከሩ ነው፤ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ገጾች ይጻፋሉ። የሳንቲሙ ስህተት የመጣው ግን ይህ ማመሳከር በቀረበት ቦታ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ለዚያ ሁሉ ድካም ፍትሕ መንፈግ ይመስለኛል።

ጆይስ ራሱ የኅትመትን ስህተት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ለጋዜጣም ሠርቷል። በ1904 የመጀመሪያ አጫጭር ታሪኮቹን ያወጣለት «አይሪሽ ሆምስቴድ» የተባለው የገበሬዎች ጋዜጣ ነበር፤ ትሪየስቴ ሲኖር ደግሞ «ኢል ፒኮሎ ዴላ ሴራ» ለተባለው ጋዜጣ ስለ አየርላንድ በጣሊያንኛ ይጽፍ ነበር። የ«ዩሊሲስ» ዋና ገጸ ባሕርይ ሊዮፖልድ ብሉም እንጀራው የጋዜጣ ማስታወቂያ ማሰባሰብ ነው። ጠዋት ከወዳጆቹ ጋር ቀብር ይሄዳል፤ ማታ የቀብሩን ዜና በጋዜጣ ሲያነብ ከስሙ አንድ ፊደል ወድቆ «ቡም» ተብሏል። እዚያ ያልነበሩ ሰዎች ነበሩ ተብሎ ተጽፏል፤ ስሙ ያልታወቀ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው በካፖርቱ ስም ተጠርቷል። ብሉም ይከፋዋል፤ ጆይስም መከፋቱን አያቃልልበትም። ማንም የማይቆጥረው ሰው በከተማው መዝገብ ላይ በትክክል መጻፍ ይገባዋል የሚል ስሜት በዚያ ገጽ ላይ አለ።

አየርላንድ ከጆይስ ጋር ያላት ነገር ለረጅም ጊዜ የቀና አልነበረም። በ1941 ዙሪክ ላይ ሲሞት እዚያው ተቀበረ፤ ባለቤቱ ኖራ አስከሬኑ ወደ አገሩ እንዲመለስ ብትጠይቅም መንግሥት አልተቀበላትም። ወደ ገንዘቧ ስንመጣ፣ በ1928 የወጡት የነጻይቱ አገር የመጀመሪያ ሳንቲሞች፣ በገጣሚው ዬትስ ሰብሳቢነት ተመርጠው፣ ፈረስና ዓሣ፣ ዶሮና አሳማ እንጂ የሰው ፊት አልነበረባቸውም። ጆይስ በአገሩ ገንዘብ ላይ መጀመሪያ የታየው በ1993 በወጣው የ10 ፓውንድ ኖት ነው፤ በጀርባው ከሌላው ልቦለዱ ከ«ፊኔጋንስ ዌክ» የተወሰደ ጽሑፍ ነበረው። ያ ኖት ዩሮ እስኪተካው ድረስ በደብሊን ገበያና መጠጥ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል፤ ታጥፏል፣ ቆሽሿል። እኔ ለደራሲው የሚስማማው መታሰቢያ ያ ነው ባይ ነኝ። ከስመ ዋጋው አራት እጥፍ በላይ ተሽጦ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ሳንቲም ከዚያ ዝውውር ውጭ ነው፤ ማንም እያየ የሚያነበው ስላልሆነም ቃሉ ጌጥ ሊመስል ቻለ። የልጅ ልጁ ስቲቨን ጆይስ ሳንቲሙን አጥብቆ ነቅፎታል፤ ባንኩም መመለስ ለሚፈልግ ገዢ ገንዘቡን እንደሚከፍል አስታውቋል።

በ«ዩሊሲስ» መጨረሻ አካባቢ በጥያቄና መልስ በተጻፈው ምዕራፍ ውስጥ ስለ አንድ ሌላ ሳንቲም ይነገራል። ብሉም ከዓመታት በፊት በአንድ ፍሎሪን ጠርዝ ላይ ሦስት ምልክት ቆርጦ ለባለ ሸቀጥ ከፍሎበታል፤ በከተማዋ እጆች ሁሉ ዞሮ ይመለስልኝ እንደሆነ ልይ ብሎ። ተመልሶለት እንደሆነ ምዕራፉ ይጠይቃል። አልተመለሰም።