«ጥራት» ስንት ሸክም ይችላል? ስለ አንድ የፈለክ ፎቶግራፍ መመሪያ ትርጉም

ፈለኮችን በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ፎቶግራፍ ለማንሣት ለሚሹ ጀማሪዎች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ የተርጓሚው ስም ያልሠፈረበት አንድ መመሪያ በእጃችን ገብቷል። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም በውስጡ ያለው የሙያ ቃል ብዙ ነው። ተርጓሚው በባዕድ ቃል ብቻ ሳይደገፍ አቻ ለመፈለግ መድከሙ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ የሙያ ቃል የሚመዘነው በወረቀት ላይ በማማሩ ሳይሆን፣ መመሪያውን ይዞ ከመሣሪያው ፊት የቆመው ሰው ትክክለኛውን ቊልፍ እንዲነካ በማድረጉ ነው። ስለዚህም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንድ ምሽት፣ በመርካቶ ጭድ ተራ፣ ከአንድ ቤት ሰገነት ላይ በዚሁ መመሪያ ከሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ጋር አመሸን።

ጁፒተር በዚያ ወር እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ከአዲስ አበባ አናት ላይ ይደርስ ስለ ነበር፣ ለሥራው የተመቸ ጊዜ ነበር። የወጣቶቹ ፎቶግራፍ ግን መቀነቱ የማይለይ የደበዘዘ ክብ ሆኖ ቀረ። የስሕተቱን ምንጭ ስንፈልግ በመመሪያው ሦስተኛ ገጽ ላይ አገኘነው፤ «ለተሻለ ጥራት ጥራቱን ከፍተኛው ላይ አድርግ» ይላል።

በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተዋል። የመጀመሪያው «ጥራት» የምስሉን መስመሮችና ጠርዞች ጐልቶ መታየት ሲያመለክት፣ ሁለተኛው በምስሉ ላይ ያሉትን ነጥቦች ብዛት ያመለክታል። ወጣቶቹ እንደ ታዘዙት ካሜራውን በ1920 በ1080 ነጥብ ላይ አደረጉት። «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ጥራት እኮ የለውም» አለን አንደኛው፤ እውነቱን ነበር። በዚህ ስፋት ግን ካሜራቸው የሚሰጠው በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛው የምስሉ ክፍል ጥቁር ሰማይ ነው። ጁፒተር በወርድ ከሙሉ ጨረቃ አርባኛ እጅ ያህል ቢሆን ነውና። መሐሉን ብቻ በ640 በ480 ቢቈርጡት ኖሮ ካሜራው 120 ምስል በሰከንድ ይሰጣቸው ነበር። ፈለኩ ዐሥር ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በራሱ ዛቢያ ስለሚዞር ቀረጻው ከጥቂት ደቂቃ በላይ ቢረዝም ገጽታው ይፋለሳል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ 5,400 ምስል ይዞ መቅረትና 21,600 ምስል መሰብሰብ፣ አየሩ ለቅጽበት የሚረጋበትን ጊዜ ለመያዝ ያለው ልዩነት ከፍተኛ ነው። «ጥራትን» ከፍ ያደረገ ሰው ጥራትን አጣ ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት «ጥራት» መርካቶ እንደሚጠቀምበት ለዕቃና ለሥራ ደረጃ ቢወሰን ይሻላል። ሕዝቡ ስለ ምስል ሲናገር «ጥርት ያለ» ስለሚል ለመጀመሪያው «ጥርትነት» ይበቃል። ለሁለተኛው «የምስል ስፋት» እንበል። ሁለት ተቀራራቢ ነጥቦችን ነጥሎ ለማሳየት መሣሪያው ላለው ኀይል ደግሞ «የመለየት ዐቅም» ይስማማል።

«ትርፍ» የሚለው ስያሜ ከዚህ የባሰ ነው። ካሜራው የተቀበለውን ምልክት የሚያጐላበትን ቅንብር መመሪያው «ትርፍ» ይለዋል፤ በጭድ ተራ ደግሞ ትርፍ ቢጨምር የሚጠላ የለም። ቅንብሩ ግን አንዲት የብርሃን ጠብታ አይጨምርም፤ የተገኘውን ከነጉድለቱ ያበረታል እንጂ። «ማጉያ» እንዳይባል ቴሌስኮፑ ራሱ ያጐላል። «ማጐልበቻ» ብንለው ሁለቱ አይጋጩም። ከርሱ ጋር አብሮ የሚሠራውን ቅንብር ተርጓሚው «መጋለጥ» ብሎታል። በአማርኛ ሰው ለአደጋና ለበሽታ ይጋለጣል፤ ካሜራን «ለ8 ሚሊ ሰከንድ አጋልጥ» ማለት ግን ከበሽታ የሚያደርሱት ያስመስላል። «ቅበላ» የሚል ሐሳብም ቀርቦልን ነበር፤ የዐቢይ ጾም ዋዜማን እያስታወሰ ስላሳቀን ተውነው። «የብርሃን መቀበያ ጊዜ» ቢረዝምም ግልጽ ነው፤ ጊዜው ሲያጥር ማጐልበቻው ከፍ እንደሚልም ለማስረዳት ይመቻል።

«እይታው መጥፎ ሲሆን ሥራውን አቁም» የሚለውን ትእዛዝ፣ ከወጣቶቹ መነጽር የሚያደርገው ስለ ራሱ ዐይን የተነገረ መስሎት ነበር። የተባለው ግን ስለ አየሩ ነው። ቀን የጋለው ጣሪያና ግድግዳ ማታ ሙቀቱን ሲለቅ በላዩ የሚያልፈው ብርሃን ይርገበገባል፤ አማርኛ ለዚህ «መርገብገብ» የሚል የታወቀ ቃል እያለው «እይታ» ምን አመጣው? በአንጻሩ «ትኩረት» እና «ማተኮሪያ» ያለ እንከን ሠርተዋል፤ ወጣቶቹም ያለ ማብራሪያ ተረድተዋቸዋል።

ከሁሉ ያስገረመን ግን ከቀረጻ በኋላ ያለው ሥራ ስያሜ ነው። ከብዙ ሺሕ ምስሎች አየሩ ሲረጋ የተነሡት ተመርጠው አንዱ በሌላው ላይ ይደረጋሉ፤ መመሪያው ይህን «መደርደር» ይለዋል። መደርደር ጐን ለጐን ማስቀመጥ ስለሆነ፣ አንደኛው ወጣት ምስሎቹን በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ሱቅ ዕቃ በረድፍ አሰልፎ ጠበቀን! ሰፈሩ ስሙን ያገኘበት ጭድ አይደረደርም፤ ይከመራል። «መከመር» ቢባል ኖሮ ሥራው በስሙ ብቻ በታወቀ። መምረጡንም «ዕድለኛ ቀረጻ» ከማለት፣ ገበሬው ፍሬውን ከገለባው የሚለይበትን «ማዝራት» መዋስ ይገባ ነበር፤ ለገበሬውም ለፎቶግራፍ አንሺውም ወሳኙ አየር ነውና። 2,500 ምስሎች በአግባቡ ቢከመሩ በነጠላው ምስል ላይ የነበረው የነጥቦች መዘበራረቅ ወደ አምሳኛ እጅ ይወርዳል።

ለዚህ መዘበራረቅ የተሰጠው ስም ግን እኛንም አስቸግሮናል። መመሪያው «ጩኸት» ይላል፤ ዐይን ጩኸት አይሰማም። «ብናኝ» ብንል ጀማሪው ሌንሱን መጥረግ ይጀምራል። መነጽር ያደረገው ወጣት የጨለመውን ምስል አይቶ «ሽፍታ ወጥቶበታል» አለ፤ ከሰማናቸው ሁሉ ለዐይን የቀረበው ይህ ነው። «ሽፍታውን ቀንስ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው የትኛው ሽፍታ ወደ አሳቡ እንደሚመጣ ግን የአንባብያንን ፍርድ እንጠይቃለን።